ድምፅ የማይቀይረው ክኒን

ሰፈሩ በሙሉ «ጆሮ» ይለዋል። በዋናው ስሙ የሚጠራው መታወቂያው ላይ፣ የጤና ጣቢያው ካርድ ላይ፣ እና ሚስቱ ስትቆጣ ብቻ ነው። «ጆሮ» የተባለው ጆሮው ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ትንሽ ናት፣ ከኮፍያው ሥር ተፈልጋ ነው የምትገኘው። ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና ሲጠግን ከመፍቻ በፊት ማዳመጥን ስለሚያስቀድም ነው። ባለመኪናው «እንዲህ እንዲህ ትላለች» ብሎ ማስረዳት ሲጀምር እጁን ያነሳበታል፦ «አንተ ዝም በል፣ እሷ ትናገር።» እሷ ማለት መኪናዋ ናት።

ጋራዡ በሁለት ግንብ ቤቶች መካከል ቆርቆሮ የተደፋበት ጠባብ ቦታ ነው። ሁለት መኪና ይይዛል፤ ሦስተኛ ከመጣ አፍንጫው መንገድ ላይ ይቀራል። መፍቻዎቹ ግድግዳው ላይ በቁመታቸው ተሰልፈው ተሰቅለዋል፤ ከየሥራቸው ቅርጻቸው በከሰል ተሥሏል፣ አንዱ ሲጠፋ ወዲያው እንዲታወቅ። ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። ሥርዓት የሚወድ ሰው ደግሞ ሥርዓት የሌለው ነገር ሲገጥመው ከማንም ይልቅ ይሰቃያል።

በተለይ የታወቀበት አንድ ዘዴ አለው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ቆሞ ሲሠራ መንገዳገድ ከጀመረ ከአራቱ አንዱ አልሠራም ማለት ነው፤ ግን የትኛው? ጆሮ ሞተሩን ሳያጠፋ ለየሲሊንደሩ እሳት የሚሰጡትን የካንዴላ ገመዶች ተራ በተራ ይነቅላል። አንዱን ሲነቅል ሞተሩ ይባስ ከተንገዳገደ ያኛው ሠራተኛ ነበር፤ ይመልሰዋል። ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ነቅሎት ድምፁ ምንም ካልተለወጠ ግን «ያዝኩህ!» ይላል። ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የማያመጣው፣ እንዲያው ስሙ ብቻ ከሠራተኞቹ ጋር የተጻፈው፣ እሱ ነው። ይህ ዘዴ ለመኪና ትክክል ነው፤ የትኛውም መካኒክ ይመሰክራል። መከራው የመጣው ጆሮ ይህንኑ ዘዴ ይዞ ወደ ገዛ ደረቱ ሲዞር ነው።

ሕመሙን ያገኘውም በጆሮው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንድ ዳቦ ቤት መኪና ክዳን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሲያዳምጥ፣ መንገዳገድ ሰማ። ዱብ፣ ዱብ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ሦስት አከታትሎ። «አንዱ አይሠራም» አለው ለሹፌሩ በኩራት። ገመድ ነቀለ፣ መለሰ፤ ሌላ ነቀለ፣ መለሰ። አራቱም ደህና ናቸው። ግራ ገባው። ሞተሩን አጠፋው። መንገዳገዱ ቀጠለ።

እጁን ቀስ አድርጎ ደረቱ ላይ አሳረፈ። ሹፌሩ «ምን ሆንክ?» ቢለው «ምንም» አለ።

ለሁለት ሳምንት ለማንም ትንፍሽ አላለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ሌላውን የሚመክሩ ሰዎች የራሳቸውን በመደበቅ የሚያክላቸው የለም። በመጨረሻ ያጋለጠችው ሚስቱ ናት። እሑድ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ሳለ፣ ከአጠገቡ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ልታነሳ ጎንበስ ስትል ሰማችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ደረትህ ውስጥ ሰው ደረጃ እየወረደ ይሰናከላል እኮ!»

«ድካም ነው።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ! የሰው መኪና ከሰባት ቤት ማዶ ስታስል ትሰማለህ፣ የራስህን አትሰማም? ተነስ ጫማህን አድርግ።»

«ዛሬ እሑድ ነው።»

«እንግዲያው ነገ። ነገ ከእኔ ጋር ነው የምትወጣው።»

የጤና ጣቢያው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ያወጡትን ረጅም ወረቀት በጣቷ እየተከተለች አየችው። ከበሩ ውጭ ያለው ሰልፍ መርፌ ክፍሉ ድረስ ተዘርግቷል። አንድ ባዶ ወረቀት ስባ ልብ ሣለችና በሁለት መስመር ከፈለቻት።

«አራት ክፍል ናት?» አለ ጆሮ፣ ፊቱ በርቶ።

«አራት ክፍል ናት።»

«እንደ አራት ሲሊንደር በሉኛ፣ ዶክተር።»

«እንደሱ ብለው ይያዙት» አለችው፤ ቸኩላለች። ምነው ባላለችው!

ከዚያ ሦስት ዓይነት ክኒን ጻፈችለት፤ የእያንዳንዷን ሥራም ነገረችው። «ነጯ የልብዎን ሩጫ ታበርዳለች። ቢጫዋ ምቱ እንዳይዛባ ትይዛለች። ሮዟ ደም ማቅጠኛ ናት። ልብ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ደም እዚች ላይ፣ ላይኛዋ ክፍል ጥግ ላይ ይተኛል። የተኛ ደም ይረጋል። የረጋው ተነስቶ ወደ ጭንቅላት ከሄደ ስትሮክ ነው፤ አንድ ጎን ያሽመደምዳል፣ አንደበት ይዘጋል፣ ይገድላልም። ምቴ ተስተካክሏል ብለው እንኳ ሮዟን እንዳያቆሙ። በየወሩ ደምዎን እንለካለን። ገባዎት?»

«ገብቶኛል።»

ሐኪም ፊት ተቀምጦ «ገባህ?» ሲባል «አልገባኝም» የሚል ጀግና እስካሁን አልተወለደም። ጆሮ እውነቱን ለመናገር ከ«አራት ሲሊንደር» ወዲያ ያለውን የሰማው በግማሽ ልቡ ነበር። ስትሮክ የምትለው ቃል ብቻ እንደ ጠጠር ሆዱ ውስጥ ቀረች።

ቤት ሲደርሱ ባልና ሚስት የሰሙት አልገጥም አለ። እሱ የምታበርደው ቢጫዋ ናት ይላል፣ እሷ ነጯ ናት ትላለች። ጉዱ የፈላው ግን ሚስቱ ከየካርቶኑ ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት አውጥታ ስትዘረጋ ነው። የትምህርት ቤት መዝገብ ያዥ ናት፤ የተጻፈ ነገር ሳታነብ አታልፍም።

«ቢጫዋ» አለች መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፤ «የልብ ምት መዛባትን ለማስተካከል ትሰጣለች።»

«ጎሽ።»

«ልታስከትላቸው የምትችላቸው ችግሮች፦ የልብ ምት መዛባት።»

«መስመር ስተሽ ወደ ላይ ተመልሰሽ ነው።»

«አልተመለስኩም። እንዲህ ነው የሚለው።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ያው ነው። ሁለቱም ወረቀቱን አዩት። የሚያስተካክለው ራሱ የሚያዛባ ከሆነ፣ የሚያዛባውን ማን ያስተካክለዋል? ሚስቱ መጨረሻ ላይ «ሐኪሟ ታውቃለች» ብላ ወረቀቱን አጠፈችው። አንዱን አሮጌ የቡሎን ማስቀመጫውን፣ ክፍል ክፍል ያለውን፣ በሳሙና አጥባ የጠዋትና የማታ ክኒኖቹን ደረደረችበት። ጆሮም ሳይወድ በግዱ መዋጥ ጀመረ።

እነሆ ግራ መጋባቱ እዚህ ላይ ነው የባሰው። ያልታከመ ጊዜ፣ ከዚያ መንገዳገድ በስተቀር፣ ጉልበቱ እንደ ልቡ ነበር። ሲታከም ጊዜ በሽተኛ ሆነ። ምቱ በሦስት ሳምንት ገራለት፣ ይህን አይክድም። ግን እጁ ቀዘቀዘ። ከመኪና ሥር ድንገት ሲነሳ ግድግዳው ይዞርበታል። ጢሙን ሲላጭ የቆረጣት ትንሽ ቁስል ግማሽ ጠዋት ደማች። ክንዱን መፍቻ ነካ ያደረገው ቦታ ሁሉ ይጠቁራል። የትኛዋ ምን እንደምታደርግ ውሉ ጠፋበት። «ሦስት ሠራተኛ ቀጥሬ ማን እንደሚሠራ አላውቅም» ብሎ አጉረመረመ።

ሠራተኛን ከሰነፍ የሚለይበት ዘዴ ደግሞ በእጁ ነው። ለሚስቱ አልነገራትም። የዘይት ቅያሬ የሚመዘግብበትን ደብተር ከመጨረሻው ገጽ ገለጠና ጻፈ፦ «ነጯ ተነቀለች።»

ሁለተኛው ቀን ላይ ገና ጎማ ተሸክሞ ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ልቡ ጋለበ። ላብ አጠመቀው፤ ጎማውን ጥሎ ተቀመጠበት። ነጯን መለሳት፤ ደብተሩ ላይ «ትሠራለች» ብሎ ጻፈ። አሥር ቀን ታግሦ ቢጫዋን ነቀላት። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ያ ደረጃ የሚወርደው ሰው ተመልሶ መጣ፤ ዱብ፣ ዝም፣ ዱብ ዱብ ዱብ። ሚስቱ «ፊትህ ነጣ» ስትለው «ሻዩ ፈጀኝ» አላት። ቢጫዋንም መለሳት፤ «ትሠራለች።»

ቀረች ሮዟ። ያን ወር የተለካው ደሙ ደህና ነው በተባለ ማግሥት ነቀላት። ጠዋት ጠዋት ከማስቀመጫው አንስቶ አፉ ዘንድ ያደርሳትና ሚስቱ ዞር ስትል ኪሱ ይከታታል፤ ጋራዥ ሲደርስ የወዳደቀ ቡሎን የሚጥልበት ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላታል። አንደኛው ቀን ምንም። ሁለተኛው ቀን ምንም። አምስተኛው፣ ስምንተኛው፣ ምንም። ልቡን በጣቱ አዳመጠ፣ በጆሮው አዳመጠ፣ ደረጃ ወጥቶ አዳመጠ። ድምፁ አልተለወጠም። እንዲያውም ሲላጭ የቆረጠው ቶሎ ደረቀ፣ ክንዱም መጥቆሩን ተወ።

«ያዝኩሽ!» አለ ጮክ ብሎ፣ ብቻውን።

ደስታው ልክ አልነበረውም። ስለ ክኒኗ ብቻ አይደለም። ከሦስቱ ክኒኖች ያቺን ክፉ ቃል ይዛ የመጣችው ሮዟ ነበረች፤ በየጠዋቱ ሲውጣት ሽባ የሆነ ሰው፣ ንግግሩ የተኮላተፈ ሰው ዓይኑ ላይ ይመጣል። እሷን ሲነቅል ፍርሃቱም አብሮ የተነቀለ መሰለው። ሰው የሚፈራው ነገር ውሸት ነው ብሎ ሲያምን እንዴት እንደሚቀለው! በዚያ ሳምንት ጋራዡ ውስጥ ሲያፏጭ ተሰማ።

ደስታውን ይዞ ዝም ቢል መልካም ነበር። አላለም።

ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶብስ ሾፌር አለ። ጆሮን በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠዋል፤ ጆሮም «ጋሼ» ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጆሮ በቀር ማንም መካኒክ መኪናውን ነክቶበት አያውቅም። ይኸው ደግሞ በእርጅናቸው ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተገናኙ፤ ሕመሙም አንድ፣ ክኒኑም አንድ ሆነ። ሾፌሩ የፍሬን ሸራ ሊያስቀይር ጋራዥ በመጣ ጊዜ ጆሮ ደብተሩን አወጣና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበለት።

ሾፌሩ ግንባሩን ቋጥሮ አዳመጠ። «ሐኪሟ እንዳታቆም ብላኛለች እኮ።»

«እኔንም ብላኛለች። ስምንት ቀኔ ነው፤ ምን ሆንኩ?»

«ምንም አልሆንክም።»

«ድምፁ አልተለወጠም፣ ጋሼ። የማይሠራ ሲሊንደር ናት።»

«አንተ ካልክ አበቃ» አለ ሾፌሩ። «ያ ክኒን ድዴን እያደማ አስቸግሮኝ ነበር።»

እንዲህ ነው ነገሩ የሆነው። በሁለት ደቂቃ አለቀ፤ የፍሬኑ ሸራ እንኳ ከዚያ ይልቅ ጊዜ ወሰደ።

ከዚያ ሃያ ሁለት ቀን አለፈ። የጆሮ የወር ቀጠሮ ደረሰና ደም ሰጠ። ውጤቱን ሲጠብቅ መድኃኒት በሚሰጥበት መስኮት ያለችው ፋርማሲስት ወረቀቱን አየች፣ ካርዱን አየች፣ እሱን አየችው፣ ከዚያ የጎን በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ ጠራችው። ፋርማሲስቷ ነገር ስትናገር የማትቸኩል፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት።

«አባቴ፣ ባለፈው ወር የደምዎ ቅጥነት ቁጥር ሁለት ተኩል ነበረ፤ ጥሩ ነበር። ዛሬ አንድ ሆኗል። ምንም ክኒን እንዳልወሰደ ሰው ማለት ነው። ሮዟ አልቃብዎት ነው?»

ጆሮ የጠበቀው ጊዜ ደረሰ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ዘዴውን በሙሉ አስረዳት፤ በአየሩ ላይ ገመድ እየነቀለ፣ እየመለሰ። ነጯ ትሠራለች፣ ቢጫዋ ትሠራለች፣ ሮዟ ግን… «ለሌላውም በሽተኛ ብትነግሩት አንድ ክኒን ይቀነስለታል፣ ልጄ» ብሎ ጨረሰ። ምስጋና ይጠብቅ ነበር።

ፋርማሲስቷ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ስለ ሮዟ አልጠየቀችውም።

«ለማን ነገሩት?»

«እ?»

«ይህን ነገር ለሌላ ሰው ነግረዋል ወይ?»

ኮፍያውን ከጉልበቱ አነሳ። «ለአንድ ሰው» አለ።

አስረዳችው። እንዲያውም ከሐኪሟ በተሻለ፣ በዝግታ አስረዳችው። ሦስቱንም ክኒን በገዛ እጁ ማቆሙ አደገኛ እንደነበረ ነገረችው። ሮዟ ከምቱ ጋር ሥራ እንደሌላት፣ ልቡን እንደማትነካው፣ ደሙን ብቻ እንደምትጠብቅ ነገረችው። የረጋ ደም ሲረጋ አያምም፣ አይጮህም አለችው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ጆሮ ግን በየመሃሉ እያቋረጠ ወደዚያችው ነገር ይመለሳል።

«ታዲያ ስትሠራ ለምን አይሰማኝም?»

«እንዲሰማዎት አይደለም የምትሰጥዎ። ምንም እንዳይሆኑ ነው።»

«ያለሷም እኮ ምንም አልሆንኩም!»

«እስከ ዛሬ።»

«ስወስዳት ምንም አልሆንኩም፤ ሳልወስዳትም ምንም አልሆንኩም። ታዲያ ያኛው ምንም ከዚህኛው ምንም በምን ይለያል?»

ፋርማሲስቷ ፈገግ ልትል ብላ ተወችው። ይኼ ሰው ሞኝ አይደለም፤ የጠየቀው ጥያቄ የሞኝ አይደለም። «ካልኩት የተሻለ ቃል የለኝም፣ አባቴ» አለች። ሐኪሟን ጠርታ ተነጋገሩ፤ ክኒኗን ከዚያችው ቀን እንዲጀምር፣ ያመለጠውን አካክሳለሁ ብሎ ሁለት እንዳይውጥ፣ ሥራዋን በደንብ እስክትይዝ ቀናት እንደሚፈጅ ነገሩት። በመጨረሻ ሰዓቷን አየች። «ያንን ሰውዬ ዛሬውኑ ያምጡልኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለሁ።»

ጆሮ እዚያው በወረቀት ኩባያ ውሃ ሮዟን ዋጠ። ስትወርድ ምንም አልተሰማውም። ያ ነው ያናደደው፤ አሁንም ምንም አልተሰማውም።

ወደ ሾፌሩ ቤት በእግሩ ሄደ። መንገዱ ዳገት ነው፤ በየመብራት እንጨቱ እየቆመ ተነፈሰ። ሲሄድ ሁለት ሰው ሆኖ ይከራከራል። አንደኛው «ቁጥሩ አንድ ሆኗል፣ ልጅቷ ምን ትዋሻለች» ይላል። ሁለተኛው «ድምፁ አልተለወጠም» ይላል። ማን ልክ እንደሆነ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ያውቃል፦ ጋሼን የሆነ ነገር ቢያገኘው የነገረው እሱ ነው። ይህን ሲያስብ እግሩ ይፈጥናል፣ ልቡ ይቃወመዋል፣ ደግሞ ይቆማል።

ሾፌሩ ግቢው ውስጥ መኪናውን እያጠበ አገኘው። ቆሞ፣ በሁለት እግሩ፣ ባልዲ በእጁ ይዞ። ጆሮ በሩን ተደግፎ ቆየ፤ ደስ ብሎት እንባው መጣ።

«አንተ ጆሮ! ምን እግር ጣለህ?» አለ ሾፌሩ። አንደበቱ ቀጥ ያለ ነው።

«ጋሼ፣ ሮዟን ክኒን ወስደዋል?»

«ካልክበት ቀን ጀምሮ ቀምሻት አላውቅም! ድዴ ዳነ። እይ።» ከንፈሩን ገልጦ አሳየው።

«ተሳስቻለሁ። መልሰው መጀመር አለብዎት። አሁን ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

ሾፌሩ ባልዲውን አስቀመጠ። «ማን አስፈራራህ?»

«ማንም። ፋርማሲስቷ አስረዳችኝ።»

«ምን አለችህ?»

ጆሮ ሊያስረዳ ሞከረ። ደሙ ይረጋል አለ፣ ጥግ ላይ ይተኛል አለ፣ ክኒኗ የምትሠራው ምንም እንዳይሆን ነው አለ፣ እኔም ዛሬ መልሼ ጀመርኳት፣ እስክትይዝ ቀናት ይፈጃል አለ። ሲናገረው ለራሱም ባዶ ሆነበት። ሾፌሩ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማውና ሳቀ።

«በፊት ጣላት አልከኝ፤ አሁን ዋጣት ትለኛለህ። የቱን ልመን? እኔ የማምነው ያንን በጆሮህ የሰማኸውን ነው። ይኼኛው የሰው ወሬ ነው።»

«ጋሼ፣ ያኔ ፈርቼ ነው!» አለ ጆሮ። «ስትሮክ የምትለዋን ቃል ፈርቼ፣ ክኒኗ ውሸት እንድትሆንልኝ ፈልጌ ነው። ለእርስዎ የነገርኩት ብቻዬን እንዳልሆን ነው መሰለኝ።»

ሾፌሩ ትንሽ አሰበበት። «ይሁን» አለ፤ «ቀጠሮዬ የሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ያኔ እጠይቃታለሁ። በል አሁን ስለመጣህ አይቀር መኪናዋን ስማልኝ። ነገ ጠዋት የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት ማድረስ አለብኝ።» በሩን ከፍቶ ከመሪው ኋላ ተቀመጠና ሞተሩን አስነሳ።

ጆሮ ከልማዱ ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ። ሞተሩ ልክ ነው። አራቱም ይሠራሉ፤ አንድም ስህተት የለበትም። የኋላ መቀመጫው ላይ የሕፃን ሹራብና የተረሳ የእርሳስ መያዣ ይታያል። ከግቢው በር ውጭ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ዳገቱ ያው እሱ ራሱ የወጣው ነው። ጆሮ ሹራቡን አየ፣ ቁልቁለቱን አየ፣ ሞተሩን ሰማ። ድምፁ እንዴት ጥሩ ነው። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ግን ድምፁ ስለ ምን ስለ ምን ነው የሚናገረው?

እጁ ቀደመው። ከመኪናዋ የኋላ ሳጥን የሾፌሩን የመፍቻ ከረጢት አወጣና ከፊት ጎማው ሥር ተጋደመ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ሞተሩን እንዳያጠፉት። ድምፁን ብቻ ይስሙ።»

ቀጭኑን ቱቦ ፈታው። መኪናዋ የድሮ ናት፤ አንዱ ቱቦ ሲፈታ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ዘይቱ በክንዱ ላይ ወረደ።

«ድምፁ ተለወጠ?»

«አልተለወጠም።»

«በደንብ ይስሙ፣ ጋሼ።»

«አልተለወጠም አልኩህ። እንደ ድሮዋ ናት።»

«እንግዲያው ፍሬን ይርገጡ።»

ሾፌሩ ረገጠ። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ድንጋዩ ላይ ተረጨ፤ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወርዶ ወለሉን ነካ። ሾፌሩ እግሩን አነሳና እንደገና ረገጠ። እንደገና ወለሉን ነካ። አርባ ዓመት አውቶብስ ሙሉ ሕፃን የያዘ እግር ነው፤ ምን እንደረገጠ ያውቃል። ሞተሩ ግን ያው ነው፣ በሰላም ይሠራል።

ጆሮ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ ተንበርክኮ ቀረ። አሁን ነው የገባው፤ እዚሁ፣ እጁ ዘይት ሆኖ። የተባለው ሁሉ፣ የልጅቷ ዝግታ፣ «እስከ ዛሬ» ያለችው፣ አንድ ላይ መጣበት።

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋው። ቁልፉን ነቅሎ ያዘ።

«ሃያ ሁለት ቀን» አለ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ልጆቹን ከኋላ ይዤ።»

«አዎ።»

«የፈታኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

ሾፌሩ ከመኪናዋ ወርዶ ወደ ቤት ገባ። ጆሮ ተነስቶ እጁን በባልዲው ውሃ ታጠበ። ሾፌሩ ኮቱን ለብሶ፣ የጤና ጣቢያውን ካርድ በደረት ኪሱ ከትቶ ተመለሰና መኪናዋን ሳያያት በአጠገቧ አለፈ።

«በእግር ነው የምንሄደው» አለ።

ቁልቁለቱን ጀመሩት። አሥር ሰዓት አልፏል። ጆሮ ከጎኑ ሳይሆን አንድ እርምጃ ቀድሞ፣ ወደ እሱ ዞሮ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ የኋሊት ይሄዳል፤ ቢወድቅ ሊይዘው። ሾፌሩ ለጥቂት እርምጃ ታገሠው። ከዚያ ክንዱን ይዞ ወደ ጎኑ ሳበው፣ ክንዱንም አልለቀቀም።

«ቀጥ ብለህ ሂድ» አለው። «ያንተም ክኒን እኮ ገና አልያዘችም።»